በጭቃ ግድግዳ ላይ ስዕል እንዴት ይሰቀላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያለን ጥቂት ሰዓሊዎች ነን። የሰፈራችን ትንሽ ሙዚየም አንድ ክፍል ፈቅዶልን ሥራዎቻችንን ልናሳይ ነው። ግን ግድግዳው አስቸገረን።

ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ በጭድ ተመርጎ ኖራ የተቀባ። በፊት የተመታ ሚስማር መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ወርዷል። ጠባቂው ጋሼ «ከእንግዲህ አንድ ሚስማር እንዳላይ!» ብለውናል። አልፈርድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ከተዘረፈ ወዲህ እዚህ ከተማ ቅርስ የሚጠብቅ ሰው ቆጣ ቢል አይገርምም።

ያሰብነው ከላይ ወራጁ ላይ ጣውላ አስረን ስዕሎቹን በናይለን ገመድ ማንጠልጠል ነው። ችግሩ፣ ትልልቆቹ ከነፍሬማቸው ከባድ ናቸው፤ ወራጁም አርጅቷል። ከወለል የሚቆም የእንጨት መደገፊያ ይሻላል ያለም አለ። አናጢ ጠይቀን ዋጋውን ስንሰማ ዝም አልን።

ሌላው የደሴ ጉም ነው፤ ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይረጥባል። የሸራ ሥራዎቹ ቢላሉም ከኋላ በመወጠሪያው እንጨት ማዕዘን የገባውን ሽብልቅ መታ መታ ሲያደርጉት መልሰው ይወጠራሉ። የውሃ ቀለሞቹ ግን ወረቀታቸው ተሸብሽቦ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በመሃል ካርቶን ቆርጦ ማስገባት ይበቃል? ወይስ ያለ መስታወት እንስቀላቸው?

በጭቃ ቤት ውስጥ ስዕል አሳይታችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩን። ፎቶ ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። የሚዋስ መደገፊያ ያላችሁም ካላችሁ፣ ኮምቦልቻም ቢሆን ወርደን እናመጣለን።