ሕመምተኛው ተሽሎታል፣ አልጋው ግን አልተለቀቀም

የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ነኝ። ድንገተኛ ክፍላችን ውስጥ ተኝተው መታከም ያለባቸው ሰዎች ስትሬቸር ላይ ስለሚያድሩ፣ የአልጋ ድልድሉን ከየዋርዱ ወስደን ለአንዲት አስተባባሪ ነርስ ሰጠን። በወረቀት ያለቀ ጉዳይ ነው፤ በተግባር ግን ዋርዶቹ ባዶ አልጋ አይናገሩም። ትናንት በስልክ «ሙሉ ነው» የተባለችበት ክፍል በአካል ስትሄድ አንሶላ የተነጠፈለት ባዶ አልጋ አገኘች። ነርሶቹን አልፈርድባቸውም፤ ሕመምተኛ ሲጨመርባቸው ረዳት አይጨመርላቸውም።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የየክፍሉ ተጠሪዎች ቆመው የሚነጋገሩበት አጭር ስብሰባ ጀምረናል፤ ጠቅሞናል። ትልቁ ማነቆ የመውጫ ወረቀት ነው። ስፔሻሊስቱ ራውንድ፣ ማለትም ሕመምተኞቹን እየዞረ ማየቱን፣ ሳይጨርስ ኦፕራሲዮን ይገባል፤ ቤቱ መሄድ የሚችለው ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ፌስታሉን ይዞ እስከ ከሰዓት ፊርማ ይጠብቃል። መመሪያም ማሳሰቢያም አወጣን፤ ትንሽ ተሻሽሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) ይፈርሙ ስል ሲኒየሮቹ ስፔሻሊስቶች «ችግር ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው?» ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው ተገቢ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ፣ የሲኒየሮቹን እምነት ሳታጡ የማስወጣት ሥልጣኑን ለሬዚደንቶች የሰጣችሁት በምን ቅድመ ሁኔታ ነው?