«ፓቴል» ማለት ጭቃ ሹም ማለት ነው

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሁለተኛ ልጃችን ልትወለድ አንድ ወር ቀርቷታል። ስሟን መርጠናል፤ የጨነቀን ሌላ ነገር ነው። ሆስፒታል በሚሞላው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል መስመር አለ። እኔ የአባቴን ስም ይዣለሁ፣ ባለቤቴ የአባቱን፣ የመጀመሪያው ልጃችን ደግሞ በአገራችን ልማድ የባለቤቴን። በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም አለን ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ከአዲስ አበባ ስመለስ ፓስፖርት የሚያየው ሰው ሁለቱን ደብተር እያገላበጠ ግማሽ ሰዓት አቆመን። አማቴ «የእኔ አባት ስም ይሁን» ይላሉ፤ ባለቤቴ «ልጄ በእኔ ካልተጠራች በማን ልትጠራ ነው» ይላል። ጎረቤቶቻችን ህንዶች ናቸው፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሁሉም ፓቴል። እነሱ ይህን እንዴት ፈቱት? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

መልስ፣ ከአትላንታ

እህቴ፣ አስቀድሜ ማርያም በሽልም ታውጣሽ እላለሁ። ስለ ፓቴሎች ስትጠይቂ ደግሞ ሳታውቂ የጠራሽው እኔን ነው። ጆርጂያ ውስጥ ፓቴል በሚባል ሰው ሞቴል አሥራ አንድ ዓመት የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት «ፓቴል» በሚል ስም ክፍል ያስያዘ እንግዳ መጣ። መዝገቡን ሳየው ፓቴል ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከሦስት ከተማ የመጡ፣ የማይተዋወቁ። እኔ ደግሞ አዲስ ስለሆንኩ ያገኘሁትን ትርፍ ቁልፍ አንስቼ ሰጠሁት። ሰውየው በሩን ሲከፍት ሌላው ፓቴል ከነባለቤቱ ተኝቷል። በማግስቱ ከሥራ መባረሬን እየጠበቅሁ ሳለ የሞቴሉ ጌታ ሳቀና «እኛ ስንገናኝ ስም አንጠያየቅም፤ የምንጠያየቀው መንደር ነው» አለኝ። ሌሊቱ ረጅም፣ እሱም ጨዋታ የሚወድ ሰው ስለነበረ ነገሩን ከሥሩ እየነገረኝ ኖርን። እኔም በኋላ ስላነበብኩበት የማውቀውን ልንገርሽ።

ፓቴል የደም ስም አይደለም፤ የሹመት ስም ነው። በምዕራብ ህንድ ጉጃራት ውስጥ ፓቴል ማለት የመንደር አለቃ ነበር። ግብር ይሰበስባል፣ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ በገዢውና በአራሹ መካከል ይቆማል። የቃሉ ሥር በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት መሬት ለመያዝ ከሚሰጥ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ አነጋገር ቁርጥ ጭቃ ሹም ማለት ነው። ጎረቤቷ ማሃራሽትራ ውስጥ ይኸው ስም «ፓቲል» ይባላል። እስቲ አስቢው፤ የመንዝና የጎጃም ገበሬ ሁሉ ጭቃ ሹም የሚል የቤተሰብ ስም ይዞ፣ የልጅ ልጁ ለንደን ውስጥ «ዶክተር ጭቃ ሹም ይግቡ» ተብሎ ሲጠራ!

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ አለቃ የነበረ እንዳይመስልሽ። ካንቢ የሚባሉ አራሾች ነበሩ። በተለይ ቻሮታር በሚባለው የኬዳ አውራጃ ለም መሬት፣ ትምባሆና ጥጥ በሚበቅልበት፣ ከእነዚህ አራሾች መካከል የመንደሩን መሬት በድርሻ የያዙት «ፓቲዳር» ተባሉ። ፓቲ ድርሻ ነው፣ ዳር ያዥ፤ ባለርስት እንደማለት። ክብሩን ያየ ሁሉ ወደዚያ ስም ተጠጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የሕዝብ ቆጠራ ካንቢ የሚለው በፓቲዳር ተተካ። ፓቴል የሚለውም ከአለቃው ቤት ወጥቶ ወደ ዘመድ አዝማዱ፣ ከዚያም ወደ ወገኑ ሁሉ ወረደ። ከፍ ያሉት ፓቲዳሮች ደግሞ «ዴሳይ» እና «አሚን» የሚሉ ሌሎች የሹመት ስሞችን ያዙ። አሚን የምትለዋን ልብ በያት፣ እመለስባታለሁ። ስሙ የአንድ ሃይማኖት ብቻም አይደለም፤ ሙስሊም ፓቴሎች አሉ፣ ከጥንት ፋርስ የመጡት የዞሮአስተር አማኞች፣ ፓርሲዎችም አሉ።

ከአገራቸው ያስወጣቸው እንደ ብዙዎቻችን ችግር ነው። በ1899 እና በ1900 ጉጃራትን ትልቅ ድርቅና ረሃብ መታት፤ ቻሮታርም አልቀረላትም። በዚያው ዘመን እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ ነበር። ከ1896 እስከ 1901 ከህንድ ወደ 32 ሺህ ሠራተኛ አጓጉዘዋል። ሐዲዱን የደከሙበት በአብዛኛው ከሰሜን ህንድ የመጡ ፑንጃቦች ናቸው። ፓቴሎቹ የመጡት ከኋላ ነው፤ ጸሐፊ ሆነው፣ በባቡር ጣቢያ ተቀጥረው፣ ሐዲዱ በደረሰበት ሁሉ ሱቅ ከፍተው። አንዱ ሱቅ ሲቆም የወንድሙን ልጅ ያስመጣል፣ እሱ ደግሞ የሚስቱን ወንድም። ካምፓላና ናይሮቢ በዚህ መንገድ ሞሉ።

ከዚያ በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ ኡጋንዳን ለቃችሁ ውጡ አለ። ያልኩሽ አሚን እዚህ ጋ ነው፤ ከፓቲዳሮቹ የክብር ስሞች አንዱ የነበረው ስም፣ ያባረራቸውም ሰው ስም ሆነ። ሱቁም ቤቱም እዚያው ቀርቶ ሃያ ሰባት ሺህ ያህሉ ብሪታንያ ገቡ፣ ሌሎች ካናዳ፣ ሌሎች እዚህ አሜሪካ።

የሞቴሉ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው። በ1942 ካንጂባይ ዴሳይ የተባለ ጉጃራታዊ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ያዘ። ቀድሞ የያዟት ጃፓናውያን አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ወደ ማጎሪያ ተወስደው ነበር። የአንዱ ስደተኛ በር የተከፈተው በሌላው ስደተኛ መከራ ነው፤ የሞቴሉ ጌታ ይህን ታሪክ ሲነግረኝ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በር ሲከፍት፣ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ደግሞ የመንገድ ዳር ሞቴሎችን ሲያራክስ፣ ፓቴሎቹ ከጉጃራትም ከአፍሪካም ገቡበት። ሞቴል ቤትም ሥራም በአንድ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ይተኛል፣ እናት አንሶላ ታጥባለች፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ስልክ ያነሳል፣ ደመወዝ የሚከፈለው የለም። እኔ በደረስኩበት ዘመን እንኳ የጌታዬ እናት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ፎጣ ሲያጥፉ ያመሹ ነበር። የተቆላ ከሙን ሽታ ከጀርባ ሲመጣ የእናቴ ጓዳ ትዝ ይለኝ ነበር።

ገንዘቡንስ ከየት አመጡት? ባንክ አያበድራቸውም፣ መድን ሰጪዎችም ይሸሿቸው ነበር። ተወዳዳሪዎቻቸው በራቸው ላይ «ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቅሉባቸዋል። ስለዚህ እርስ በርስ ተበዳደሩ፤ ያለ ወለድ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ወረቀት። የእኛ እቁብ ዕጣ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው። የእነሱ ከዚህም ይቀላል፤ ብድሩን ብትክድ እናትህ መንደር ውስጥ ቀና ብላ መሄድ አትችልም። ስሙ በር ያስከፍታል እንጂ ዋሱ መንደሩ ነው። በ1989 እዚሁ አትላንታ የእስያ አሜሪካውያን ሆቴል ባለቤቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬ አባላቱ የአሜሪካን ሆቴሎች 60 በመቶ ያህል ይዘዋል።

በ2000 የአሜሪካ ቆጠራ ፓቴል የሚባሉት 145 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2010 ወደ 230 ሺህ ደረሱ፣ ስሙም ከመቶዎቹ በብዛት የተለመዱ የአገሪቱ የቤተሰብ ስሞች መካከል ገባ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጎረቤቶችሽ ነገሩን የፈቱት የአባትን ስም ጥለው አይደለም። የጉጃራት ሰው ሦስት ስም አለው፤ የራሱ፣ የአባቱ፣ ከዚያ የቤተሰቡ። ከህንድ ነጻነት መሪዎች አንዱ፣ 182 ሜትር ሐውልት የቆመለት ሰው፣ ሙሉ ስሙ ቫላብባይ ጃቬርባይ ፓቴል ነው። ጃቬርባይ አባቱ ነው። «ባይ» ደግሞ ወንድም ማለት ነው፣ ለአክብሮት የሚጨመር፤ ለሴት «ቤን» ይላሉ፣ እህት። ስለዚህ የልጅሽ ስም፣ መካከል ላይ የባለቤትሽ ስም፣ መጨረሻ ላይ የአማትሽ አባት ስም ቢሆን አባትም አይቀርም፣ አማትም አይቀየሙም። የመጀመሪያው ልጅሽም በፍርድ ቤት ወደዚያው ይስተካከል፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቢሆን ይቀላል። በላቲን ፊደል ስትጽፊው ግን ከአንድ አጻጻፍ አትውጪ። በእኛ ሰው ላይ ያየሁት መከራ ግማሹ የፊደል ነው፤ በአንዱ ወረቀት ሁለት «ኤል»፣ በሌላው አንድ።

መልስ፣ ከሌስተር

ጋሼ ጥሩ አድርገው ነግረውናል፤ እንግሊዝ አገር እኔ ያለሁበት ከተማ ላይ ጥቂት ልጨምር። ፓቴሎቹ ከኡጋንዳ ሲባረሩ የሌስተር ከተማ ምክር ቤት በኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ «ወደ ሌስተር አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። መጡ። ዛሬ በቤልግሬቭ መንገድ ለህንዶቹ የብርሃን በዓል ለዲዋሊ የሚበራው መብራት የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል።

ግን እህቴ፣ ሁሉም ነገር ያማረ አይምሰልሽ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፓቴል ከሌላ ፓቴል ልጅ ጋር ተዋደው ቤተሰቧ እምቢ አለ። ምክንያቱ? መንደሩ። ቻሮታር ውስጥ እነ ናዲያድ፣ ካራምሳድ፣ ዳርማጅ፣ ሶጂትራ፣ ባድራንና ቫሶ የሚባሉ ስድስት መንደሮች ራሳቸውን ከፍ አድርገው እርስ በርስ ብቻ ይጋቡ ነበር፤ ሌሎቹም የየራሳቸው የጋብቻ ክበብ አላቸው። ስሙ ሁሉንም አንድ ያስመስላል፣ ውስጡ ግን በአጥር የተከፋፈለ ነው። እኛም «አገርህ የት ነው» ስንባባል አንዳንድ ጊዜ ምን እየጠየቅን እንደሆነ እናውቀዋለን።

ሌላም ልበል። ከ2019 እስከ 2022 የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችው ፕሪቲ ፓቴል ወላጆቿ ከኡጋንዳ የመጡ ጉጃራታውያን ናቸው። ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላኩን ስምምነት ኪጋሊ ሄዳ የፈረመችውም እሷ ናት። ያን ሰሞን በሥራ ቦታችን ፓቴሎቹ ራሳቸው ሁለት ሆነው ሲከራከሩ ነበር የሰነበቱት።

መልስ፣ ከአሽዶድ

እኛ እ.ኤ.አ. በ1984 እስራኤል ስንገባ ስማችንን የጻፈው ጸሐፊ ነው። እኔን በአባቴ ስም መዘገበኝ፣ ከእኔ በኋላ የገባውን ታላቅ ወንድሜን በአያታችን። የአንድ እናት ልጆች ሆነን እስከ ዛሬ በወረቀት ባዕድ ነን። የራሴንም ስም ወደ ዕብራይስጥ ለውጠውት ነበር፤ እሱን አስመልሻለሁ። እህቴ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ሳያነሳ ወስኑ።

መልስ፣ ከስቶክሆልም

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ልክ እንደ ጉጃራቱ ሦስት ማለት ነው። ሕጉ ተጻፈ፣ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ አማትሽ ያሉት ከባህል የወጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ቢያንስ ከሕጉ አልወጣም በይው።

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ትናንት ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት አማቴ ከሶፋው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ስለ ሦስቱ ስም ባለቤቴ ተስማምቷል፤ ስለ ፊደሉም ዛሬ ጠዋት የሁላችንን ወረቀት አውጥተን ስናመሳክር የእኔ ብቻ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘነው። አማቴ ግን አሁን ሐሳባቸውን ቀይረዋል። «ጭቃ ሹም» የሚለው ጋ ስደርስ ብድግ ብለው «የእኔም አባት እኮ ጭቃ ሹም ነበር» አሉ። «ታዲያ ምን ታስቸግሩኛላችሁ፣ ፓቴል በሏታ!»