ክርክር፦ ለጅማ የወጣቶች መጫወቻ ክፍል ድቅል ኮንሶል ወይስ የቲቪ ኮንሶል?

ጥያቄው ይሄ ነው። ለአንድ የወጣቶች መጫወቻ ክፍል አራት ኮንሶል ሊገዛ ታስቧል። ገሚሱ በእጅም በቲቪም የሚሰራው ኔንቴንዶ ስዊች ይሁን ይላል፤ ገሚሱ ፕሌይስቴሽን 5። የዋጋው ነገር ይቆየን፣ አሠራሩ ላይ እንከራከር።

የቆጪ ልጅ፦ ከመብራት እንጀምር። ግልገል ጊቤ ደጃችን ሆኖ እንኳ መብራት ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ላይ 200 ዋት ገደማ ይበላል፤ ቲቪው 80 ቢጨምር 280። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፦ 600 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ 15 በመቶ ይወስዳል፣ 510 ይቀራል። አንድ ፕሌይስቴሽን ከነቲቪው ሁለት ሰዓት አይሞላም። አራት ስዊች በእጅ ተይዘው እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢወስዱ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይሄዳሉ።

ዘጠነኛ ቁጥር፦ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን ቲቪውን ዘለልከው። ስዊቹን ቲቪ ላይ ካደረግከው 80ው ዋት ተመልሶ መጣ። ካላደረግከው ደግሞ ሁለት ልጆች 6.2 ኢንች ስክሪን ላይ ተጋፍተው ኳስ ሊጫወቱ ነው። ኳስ ካነሳን አይቀር፣ ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ ለስዊች የወጡት ቡድንና ማሊያ የታደሰላቸው የድሮ ጌሞች ነበሩ። ከሌሎቹ ኮንሶሎች ጋር በአንድ ኢንጂን (ጌሙ በሚሰራበት ሶፍትዌር) የተሰራለት ፊፋ ስሙን ቀይሮ በወጣው ኤፍሲ 24 ነው። ጅማ ላይ ለኳስ የማይሆን ኮንሶል ማን ይሰለፍለታል?

ፒክስል ቆጣሪ፦ ኢንጂኑን ወደ ኋላ ያስቀረው ቺፑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስዊች በእጅ ሲያዝ የግራፊክስ ቺፑ ፍጥነት እንደ ጌሙ ከ307 እስከ 460 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፤ ከቲቪ የሚያገናኘው መቀመጫ፣ ዶክ ላይ ሲቀመጥ 768 ይደርሳል። በምስል ጥራት ከ720 ፒ ወደ 1080 ፒ ስትወጣ ፒክስሉ (የምስሉ ነጥብ) 2.25 እጥፍ ስለሚሆን ከ307 ወደ 768፣ ማለትም 2.5 እጥፍ ማሳደጉ ይበቃል ትላለህ። አይበቃም፤ የሚሞሪው ፍጥነት አብሮ አላደገማ! በሴኮንድ ከ21 ጊጋባይት ወደ 25.6 ብቻ። ለዚህ ነው ብዙ ጌም ቲቪ ላይ 1080 የማይሞላው። ባትሪ ይቆይ ተብሎ የተቆረጠውን ዶኩ አይመልሰውም፤ ዶክ ማለት ቻርጀርና የቲቪ መውጫ ነው፣ ውስጡ ሌላ የግራፊክስ ቺፕ የለም።

የቆጪ ልጅ፦ በትንሽ ስክሪን 720 ማንን ይጎዳል? ደግሞ የ2017ቱን ብቻ አታንሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 ያው 4310 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ሳይቀየር ቺፑ አንሶ ከ2.5–6.5 ሰዓት ወደ 4.5–9 ሰዓት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጣው ስዊች 2 ዶኩ ውስጥ ማራገቢያ አለው፣ ቲቪ ላይ እስከ 4ኬ ያወጣል።

ፒክስል ቆጣሪ፦ የስዊች 2 ባትሪ ግን ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት ነው። ጉልበቱ ሲጨመር ሰዓቱ ተመልሶ ወረደ።

ካቻቢቴ፦ የሕዝብ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው በአውራ ጣት የሚገፋው ስቲክ ነው፣ ቺፕ አይደለም። ጆይኮን (የስዊች ጆይስቲክ) ውስጥ ቀጭን ብረት የካርቦን ሽፋን ላይ እየተንሸራተተ ነው አቅጣጫ የሚለየው። ሽፋኑ ሲፋቅ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ክሊነር መንፋት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። ለመቀየር በባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ የጀርባውን 4 ቡሎን ትፈታለህ፣ የባትሪውን ሶኬት ትነቅላለህ፣ ባትሪውን ከነመያዣ ፕላስቲኩ ታነሳለህ፣ የሪባኑን (የጠፍጣፋውን ገመድ) መቆለፊያ በጥፍር ወደ ላይ ታነሳለህ፣ ስቲኩን የያዙትን 2 ቡሎኖች ፈትተህ ትቀይራለህ፤ መጨረሻ ላይ ከሴቲንግ ካሊብሬት (መሃሉን ማስተካከል) ታደርጋለህ። ሰው የሚያበላሸው መቆለፊያውን ሳያነሳ ሪባኑን ሲጎትት ነው። በማግኔት የሚሰራውን ስቲክ ግዙ፣ የሚፋቅ ነገር የለውም።

ዘጠነኛ ቁጥር፣ አንተም ደስ እንዳይልህ፤ የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክም በዚያው በመፋቅ ይሞታል። የሱ ስቲክ ደግሞ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ በካቻቢቴ አይወጣም።

ዘጠነኛ ቁጥር፦ እሺ፣ በጥገና ተሸነፍኩ። ቀኑን ሙሉ ዶክ ላይ የሚውል ባትሪስ? ሙሉ ቻርጅና ሙቀት ሊቲየምን ያስረጃል፣ ያብጣልም። ቲቪ ኮንሶል ይሄ ጣጣ የለበትም።

ካቻቢቴ፦ እውነት ነው። ስዊች 2 ላይ ቻርጁ 90 በመቶ አካባቢ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል፤ በአሮጌው ማታ ማታ ከዶክ ማውጣት ነው። የላይኛውን የአየር መውጫ በጨርቅ አትሸፍኑ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቀጭን ነው፤ ያው ማራገቢያ ባሕር ዳርቻ ከሚያወጣው ያነሰ ሙቀት ነው እዚህ የሚያወጣው። ይሄ ለሁለቱም ኮንሶል ነው።

የሂርማታ እህት፦ ሳትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ስዊች ላይት በእጅ ብቻ ነው፣ ቲቪ ላይ አይወጣም። የመጀመሪያው ስዊች ዶክ ደግሞ 15 ቮልት 2.6 አምፒር ይፈልጋል፤ በተራ የስልክ ቻርጀር ኮንሶሉ ቀስ እያለ ይሞላል እንጂ ቲቪ ላይ ምስል አይወጣም፣ ከዚያ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጠጋኝ ቤት ይሄዳል።

የቆጪ ልጅ፦ እንግዲህ ሁለት ስዊች፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ለኳስ። በአራተኛው ገንዘብ ስቲክና ስታቢላይዘር።

ዘጠነኛ ቁጥር፦ ስታቢላይዘር መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋል? ለፕሌይስቴሽኑ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆየውን) በል። ትንሹ ባለ 650 ቪኤ፣ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው፣ ከቲቪው ጋር 10 ደቂቃም አይሞላም፤ ግን ጌሙን ሴቭ አድርጎ በደንብ ለማጥፋት ይበቃል።