ፍየሉን ከሰጠናቸው በኋላ ቢሸጡትስ?

አዲስ ሠራተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ቀብሪበያህ አካባቢ በአንድ የኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት የመስክ ሠራተኛ ሆኜ ልጀምር ነው። ግማሹ ተጠቃሚ ከካምፑ የሶማሊያ ስደተኛ፣ ግማሹ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ነው። ለየቤተሰቡ ፍየል ወይም ለትንሽ ንግድ መነሻ ብር ይሰጣል። ከኔ በፊት የሠሩ ልጆች ግን ብዙ ሰው ጥቂት ወር ሳይቆይ ፍየሉን ይሸጠዋል አሉኝ። የነዋሪውም ጥያቄ አለ። ካምፑ የተከፈተው በ1983 ዓ.ም. ነው፣ አብረው ያረጁ ጎረቤቶች ናቸው፣ ስለዚህ "እኛስ ድሃ አይደለንም ወይ፣ ለምን ከመንደራችን እንዲህ ጥቂት ሰው ብቻ?" ሲሉኝ ምን ልበል? ማኑዋሉን አንብቤዋለሁ። የምፈልገው እናንተ መስክ ላይ ያያችሁትን ነው።

ቆላ ወራጅ
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። በቅድሚያ ፍየሉን በሸጠው ሰው አትፍረጂ። ልጅ ይታመማል፣ ራሽን ይዘገያል፣ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ያ ፍየል ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ የእርዳታ እህል በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለስደተኞች እንደገና መታደል የጀመረው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነበር። በዚያ መሀል ፍየሉን ያልሸጠ ምን ይብላ?

ስለዚህ ከፍየሉ ጋር ለተወሰኑ ወራት የቀለብ ብር መኖሩን አለቆችሽን ጠይቂ። ከሌለ አሁኑኑ ተከራከሪ። ብራክ የሚባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አሠራር እንደዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሆድ ይረጋጋል፣ ንብረት ይሰጣል፣ ቁጠባ ይጀመራል፣ የሚመክር ሰው ደግሞ በየጊዜው ቤት ድረስ ይመጣል። እኛም አገር ትግራይን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፣ ፕሮጀክቱ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ኑሮ ፕሮጀክቱን ካላገኙት የተሻለ ነበር። ሌላውን ቆርጦ ፍየሉን ብቻ መስጠት ብር ማባከን ነው።

የመልካዲዳ ልጅ
ስለ ነዋሪው ልመልስ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ዶሎ አዶ ላይ፣ ከሶማሊያ ድንበር አጠገብ፣ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነው። እዚያ አምስት ካምፖች አሉ። ከገናሌ ወንዝ በቦይ ውሃ ተስቦ የሚለማው መሬት የነዋሪው ነው፣ የአይኬያ ፋውንዴሽን የሚባለው የውጭ ረጂ ድርጅት ብር ሲመጣ ነዋሪው መሬቱን አቀረበ፣ ስደተኛውም አብሮት ማኅበር ገብቶ አረሰ። ለነዋሪው "ታዝለህ ገባህ" የሚለው የለም፣ የራሱን ይዞ ነው የገባው። አንቺም ቀብሪበያህ ላይ ነዋሪው ያለውን ፈልጊ፣ የግጦሽ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ ጅግጅጋ ገበያ የሚያውቀው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚ ብቻ ካደረግሽው ሁሌም ቁጥር ይቆጥርብሻል።

የሚመረጡትን ሰዎች ዝርዝር ደግሞ ቢሮ ውስጥ እንዳትጨርሱት። ሽማግሌዎቹም ሴቶቹም ባሉበት በአደባባይ ይነበብ። የማይገባው ሰው ከገባ መንደሩ ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ገበያ! ሁሉም ሽንኩርት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲያወጣ ዋጋው ወርዶ የፓምፑን ናፍታ እንኳ አይሸፍንም። ሃምሳ ሰው በአንድ መንደር ሱቅ ከከፈተም ያው ነው።

ጠያቂ
ወረቀቱንስ ያሰበ አለ? አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት መብት ይሰጣል፣ ስደተኛና ኢትዮጵያዊ አብረው እንዲጠቀሙበት መንግሥትና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በጋራ በቀረጹት ፕሮጀክት ውስጥ ካለ ደግሞ እንደ ዜጋ እኩል ይታያል። ግን ወረዳው ላይ ያለ ሠራተኛ ይሄን ላያውቀው ይችላል። ፕሮጀክትሽ በዚህ ውስጥ መሆኑን በደብዳቤ አስጽፊ። ንግድ ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ ብር ከመከፈሉ በፊት ይለይ። አለበለዚያ ስደተኛዋ በጎረቤቷ ስም ትነግዳለች፣ የተጣሉ ቀን ሁሉም ነገር የጎረቤቷ ይሆናል።

አዲስ ሠራተኛ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። የቀለቡ ብር ነገር በጀቱ ላይ የለም፣ ሰኞ አነሳዋለሁ። ቁጠባውስ? ብዙዎቹ ወለድ ያለበት ነገር አይነኩም።

የመልካዲዳ ልጅ
ወለድ አታምጪባቸው። ሴቶቹ ቀድሞም ሀግባድ አላቸው፣ ልክ እንደ እቁብ ነው፣ ከሱ ጀምሪ። ከካምፕና ከከተማ የተቀላቀሉ ሴቶች በአንድ ቡድን ይሁኑ፣ ግን እነሱ ራሳቸው ይመራረጡ፣ አንቺ አትደልድያቸው። ሰብሳቢዋንም እነሱ ይምረጡ። ለሕመምና ለቀብር የሚሆን ትንሽ ሳጥን ለብቻ ይኑር፣ ከዋናው እንዳይቀላቀል፣ ፍየሉን ከሽያጭ የሚያድነው እሱ ነው። ሶማልኛ የማትችዪ ከሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምሪ፣ አስተርጓሚ ባለበት ሴቶቹ ስለ ብር አያወሩሽም።