የነዋሪነት ማመልከቻችሁ ሳይወሰን ወደ ጎንደር ለመምጣት ላሰባችሁ

ውድ ወገኖቼ፣

አሜሪካ ሆነው የግሪን ካርድ ማመልከቻቸውን ውሳኔ የሚጠባበቁ አንድ ወንድማችን፣ እናታቸው ጎንደር ውስጥ ስለታመሙባቸው ትኬት ይቁረጡ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህን የምጽፈው አዘዞ ካለው የእናቴ ቤት ሆኜ ነው፤ የመጣሁትም የእኔው ማመልከቻ ገና ሳይወሰን የጉዞ ፈቃድ ይዤ ነው።

ወንድሜ፣ ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ እባክዎ አይነሱ። አይ-485 የተባለውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ፣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል። በኤች-ዋን-ቢ ወይም በኤል ቪዛ የሚሠሩ ሰዎች በዚያው ቪዛ ሊመለሱ ስለሚችሉ የእነሱ ጉዳይ ይለያል። ፈቃዱ የሚጠየቀው በአይ-131 ፎርም ሲሆን፣ ፎርሙን አስገብቶ መውጣት አይበቃም። ከተሰጠም በኋላ ቢሆን፣ ለማስገባት የሚወስነው በመግቢያው ኤርፖርት ያለው መኮንን ነው።

ጉዳይዎ በጥገኝነት ላይ የቆመ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው ያልተወሰነለት ሰው ሸሸሁት ወዳለው አገር ከተመለሰ፣ ፈቃድ ቢይዝም እንኳ፣ አስገዳጅ ምክንያት ማስረዳት ካልቻለ ጥያቄውን እንደተወው ይገመታል። ጥገኝነት የተፈቀደለትም ቢሆን ለምን ተመለስህ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከጠበቃ ጋር ሳይመክር ወደ ጎንደር የሚወስድ አውሮፕላን ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ ልናገር የምፈልገው ግን እዚህ ላሉት ቤተሰቦቻችን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ታሞ ሳለ፣ በደወልሁ ቁጥር «ደህና ነው፣ ትንሽ ብርድ መትቶት ነው» ይሉኝ ነበር፤ አገናኙኝ ስል ደግሞ «አሁን ገና ተኛ» ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳና ስከፍት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የአገሬ ሰዎች ቆመው አየሁ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ማመልከቻዬ ያኔም ስላልተወሰነና የጉዞ ፈቃድም ስላልጠየቅሁ፣ ለቀብሩ ቀርቶ ለአርባውም አልደረስሁም። ቤተሰቤ የደበቀኝ ስለሚወደኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም እንዳይጨነቅ ብለን የምንደብቀው ሕመም፣ በስደት ያለውን ልጅ ወረቀቱን ማሰናዳት የሚችልበትን ጊዜ ይነጥቀዋል። ለድንገተኛ ጉዳይ ፈቃዱ እንዲፋጠን መጠየቅ የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው፤ የሆስፒታል ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው በአማርኛ ከተጻፈም ከእንግሊዝኛ ትርጉሙና ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር መቅረብ አለበት። ስለዚህ እናንተ እዚህ ያላችሁ፣ ሕመሙ በጀመረ ሰሞን ንገሩን፤ ደብዳቤውንም ማኅተሙ በግልጽ እንዲታይ አድርጋችሁ ላኩልን።

የእናቴ ሕመም ሲጀምር እህቴ በዚያው ሳምንት ነገረችኝ። ዛሬ ጠዋት መድኃኒቷን ከእጄ ተቀብላ ውጣለች።

ወንድሜ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ጎንደር ነኝ። የእናትዎን የሐኪም ደብዳቤ ለማውጣት ቤተሰብዎ እገዛ ከፈለገ፣ አብሬያቸው ሆስፒታል ሄጄ አስጨርሳለሁ፤ ብቻ ቀኑን ይንገሩኝ።