ስድስት ልጆች ብቻ ይዤ ጥናት መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የአባዶ መምህርት
ሰላም ወገኖች። የካ አባዶ አካባቢ የልዩ ክፍል መምህርት ነኝ። ጎን ለጎን በልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስተርሴን እየተማርኩ ቲሲስ ላይ ደርሻለሁ። ክፍሌ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ስድስት ልጆች አሉ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት። ማጥናት የምፈልገው እጅ መታጠብን እንዴት ባስተምራቸው ይይዙታል የሚለውን ነው። አማካሪዬ ግን "ስድስት ልጅ ናሙና አይሆንም፣ መጠይቅ አዘጋጅተሽ ለመቶ መምህራን በትኚ" አሉኝ። መበተኑ አያቅተኝም። ግን መጠይቁ መምህራን ስለልጆቹ የሚያስቡትን ይነግረኛል እንጂ ልጆቹ የቻሉትን አይነግረኝም። ምን ላድርግ? ወላጆችንስ እንዴት ላስፈርም? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ አምና የተመረቅኩ
በደንብ ይቻላል እህቴ። ላንቺ የሚሆነው የነጠላ ተሳታፊ ጥናት የሚባለው ነው። እዚያ ልጁ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው፣ ከመማሩ በፊት ከነበረበት ጋር። ቤየር፣ ዎልፍና ሪዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ያብራሩት "መልቲፕል ቤዝላይን" የሚባል አሠራር አለ፣ እሱን ያዢ። ሦስት ልጆች ትመርጫለሽ። ምንም ሳታስተምሪ ሦስቱም ምን ያህል እንደሚችሉ ትመዘግቢያለሽ፣ ከአምስት ጊዜ ባያንስ ጥሩ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ብቻ ማስተማር ትጀምሪያለሽ፣ የሌሎቹ ምዝገባ ግን አይቆምም። እሱ ሲሻሻል ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። እያንዳንዱ የሚሻሻለው የራሱ ተራ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ለውጡ የመጣው በማስተማርሽ እንጂ በዕድሜ ወይም በአጋጣሚ አይደለም ብለሽ በድፍረት መጻፍ ትችያለሽ። ከአምስት ምዝገባ ቢያንስ አንዱን ደግሞ ሌላ መምህር ለብቻው ይመዝግብልሽ። ምዝገባችሁ ካልተስማማ የመታጠቡን እርምጃዎች በደንብ አልገለጽሻቸውም ማለት ነው።

ለአማካሪሽ ይህንንም ንገሪያቸው፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚለየው በአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና ብቻ አይደለም፣ በዕለት ተዕለት የኑሮ ክህሎትም ጭምር ነው። ስለዚህ እጅ መታጠብ ትንሽ ርዕስ አይደለም።

መልስ፦ ነባር መምህር፣ ገላን
ልጄ፣ መጀመሪያ ሥራውን በታትኚው። "እጅህን ታጠብ" ላንቺ አንድ ነገር ነው፣ ለልጁ ግን አሥር አሥራ አንድ ነገር ነው። እጅጌ መሰብሰብ፣ ቧንቧ መክፈት፣ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት እያልሽ እስከ ፎጣው ድረስ ጻፊው። አንዳንዱን ልጅ ከመጨረሻው ጀምሮ ማስተማር ይሻላል። ሌላውን እርምጃ ሁሉ አብረሽው ሠርተሽ ማድረቁን ብቻ ለእሱ ትተዪለታለሽ፣ ሁልጊዜ "ጨረስኩ" ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ መለቅለቁን ትጨምሪለታለሽ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ተማሪዬ ትምህርት ቤት ሁሉንም እርምጃ ያለ እገዛ ቻለ። ደስ ብሎኝ ለእናቱ ነገርኳት። "ቤት እኮ አይታጠብም" አለችኝ። ሄጄ አየሁ። እነሱ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሌላውን ቀን ከጀሪካን በጆግ ነው የሚቀዱት። ልጁ ሳፋው ፊት ቆመ። እጅጌውን ሰበሰበ። እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ጣቶቹን አዞረ፣ ቧንቧ የሚከፍት መስሎ። ከዚያ ሳሙናውን ጨብጦ ዝም ብሎ ቆመ። መታጠብ አቅቶት አይደለም፣ ጆጉን ማንም አላስተማረውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እነዚህ ልጆች አንድ ቦታ የያዙትን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በቧንቧም በጆግም አስተምሪ፣ ቤት ድረስ ሄደሽም መዝግቢ። ያ ያልገባበት ጥናት ጎዶሎ ነው።

መልስ፦ የቱሉ ዲምቱ እናት
መምህርት፣ እኔ ስለፊርማው ልንገርሽ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አላት። ከዚህ በፊት አንድ አጥኚ ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጥቶ አስፈረመኝ። እምቢ ብል ልጄን ከክፍል ያስወጡብኛል ብዬ ፈርቼ ነው የፈረምኩት። ፎቶ አነሳት፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑን አላየሁትም። አንቺ ደግሞ መምህርቷ ስለሆንሽ እምቢ ማለት የባሰ ይከብዳል። ስለዚህ ወላጁን ሌላ ሰው ያናግርልሽ። በሚገባን ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳ። እምቢ ብንል ልጁ ትምህርቱን እንደማያጣ አስቀድሞ ይንገረን። ልጆቹንም ጠይቂ። የእኔ ልጅ ብዙ ቃል የላትም፣ ካልፈለገች ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ያ እምቢ ነው። ስትጨርሺ ደግሞ ውጤቱን ይዘሽልን ነይ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አለቀስኩም ተማርኩም። እማማ፣ ያሉትን ሁሉ አደርጋለሁ። ጆግና ሳፋ ነገ ክፍል ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ፦ ሦስተኛው ልጅ ተራው እስኪደርስ ሳይማር መቆየቱ ልክ ነው?

መልስ፦ አምና የተመረቅኩ
እኔንም ከብዶኝ ነበር። ጊዜውን አታስረዝሚው። የሚጠብቀው ይህን አንድ ክህሎት ብቻ ነው፣ ጫማ ማሰሩን፣ ሥዕሉን፣ ቁጥሩን እንደወትሮው አስተምሪው። ጥናቱ ከማለቁ በፊት ሦስቱም፣ ከዚያም የቀሩት ሦስቱ መማራቸውን ፕሮፖዛልሽ ላይ በግልጽ ጻፊ። የዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣ ደግሞ አንድም ቀን እንዳትመዘግቢ። ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቁን ከአሁኑ ጀምሪው፣ ምልልስ አለው።