ለንደን ዩሌዝ፦ ማታ ገብቶ ሌሊት ለሚወጣ የስንት ቀን ይከፈላል?

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ በፈረንጅ 2013 የተመዘገበ የናፍጣ መኪና ይዤ ወደ ዩሌዝ (ጭሳቸው የበዛ መኪኖች በቀን ወደሚከፍሉበት የለንደን ክልል) ማታ 5 ሰዓት ገብቼ ሌሊት 8 ሰዓት ብወጣ ስንት እከፍላለሁ?

መልስ 1፦ የሁለት ቀን፣ 25 ፓውንድ ነው ወንድሜ። ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለሆነ አንዱ ጉዞ ሁለቴ 12.50 ያስከፍላል። እንዳይከፍል የናፍጣ መኪና የጭስ ልቀት ደረጃው ዩሮ 6 መሆን አለበት፤ ለቤንዚን ዩሮ 4 ይበቃል። ቢሆንም ታርጋህን በከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት (ትራንስፖርት ፎር ለንደን) ድረ ገጽ አጣራ።

መልስ 2፦ ካሜራው ታርጋ ያነባል እንጂ መክፈያ በር የለም። ከጉዞው በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ካልከፈልክ ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ 90። ስትከፍል ዜሮንና «ኦ»ን እንዳታምታታ፤ ገንዘቡ ለሌላ ታርጋ ይገባና ቅጣቱ አንተው ጋ ይመጣል።

መልስ 3፦ ቀኑን ሙሉ የቆመ መኪና አይከፍልም። መሀል ከተማ ከገባህ ግን የትራፊክ መጨናነቅ ክፍያው ለብቻው ነው።